ቆሞም ይጠጣል

ካርዱ የኔ ነበር፣ ስሜ የታተመበት፣
በክፉ ቀን ብቻ ናፍጣ የምገዛበት።
ሊዋይዋይ ታናሼ፣ አንድ ማታ መጥታ፣
ደብተሯን ታቅፋ፣ በሩን ተጠግታ፦
«ማኖንግ፣ ካርድህን ስጠኝ፤ ቁጥሩ ብቻ ይበቃል፤
አንድ ሳንቲም አይነኩም፤ ዓመት ሙሉ ነጻ ይላል።»

ነጻ?
እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሞሎ እስከ ሃሮ
ሰው ጭኜ ስመላለስ፣ በጭስ፣ በሰው ሮሮ፣
ነጻ የሄደ መንገደኛ አንድ እንኳን አላየሁም፤
እሱ ባይከፍል ሌላው ከፍሏል፤ ጂፕኒዬ በውሃ አይነዳም።
ግን እህት ናት።
ሰጠኋት።

«ደመና ነው የምማረው» ስትለኝ ሳቅሁባት።
እኔ የማውቀው ደመና ከጊማራስ ማዶ ጠቁሮ፣
ሸራዬን አስወርዶ፣ ጣሪያዬን እንደ ከበሮ
ደብድቦ፣ ደብድቦ የሚሄድ ነው፤
ሲያባራ ደረሰኝ የማይልክ፣ ዕዳው ጭቃ ብቻ የሆነው።
የሷ ደመና ሰማይ የለውም።
የሰው አዳራሽ ነው፣ ባሕር ማዶ፣ የሰው መብራት፣ የሰው ማሽን፣
በሰዓት የሚከራይ፤ ቆጣሪው አይተኛም፣
አንቺ ብትተኚም።

ቀን ፋርማሲ ቆማ ትውላለች፣ ሌሊት ትማራለች።
ትንሹ ማሽን ቢንቀራፈፍባት ትልቁን አስነሳች፤
ከነጻው ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ ጽፈውታል፣
ጽሑፉ ግን የጉንዳን ዱካ ያህላል።
በማግስቱ የአጎታችን ልጅ ሠርግ ነበር፣ አንቲኬ።
ላፕቶፗን ዘጋች፤
የዘጋች መሰላት።

አራት ቀን ጨፈርን፣ አራት ቀን ጠበስን፣ ጠጣን፤
አራት ቀን እዚያ ማዶ፣ ሰው በሌለበት አዳራሽ፣
ሥራ የሌለው ማሽን ሥራ ሲጠብቅ ነደደ።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር።
ስልኬ ነገረኝ፣ ሃሮ ገበያ ፊት፣ ተሳፋሪ ሳወርድ።
በፔሶ አሰላሁት፤ ደግሜ አሰላሁት፤
አንዲት ሴትዮ መልስ ትጠብቃለች፣ እጇን ዘርግታ፤
አብዝቼ ሰጠኋት፣ ልቤ ከኔ ጠፍታ።

ቤት ስደርስ ሰምታለች። ዓይኗ አብጧል።
አልጮህኩም፤ ጩኸት ዕዳ ቢከፍል ጎረቤቱን ባነቃሁ።
ጂፕኒው ውስጥ አስገባኋት፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣
ተቀመጥን። አልተነቃነቅንም።
«የት ነው የምንሄደው?»
«የትም።»
ጭሱ በመስኮት ገባ፤ መቀመጫው ተንቀጠቀጠ፤
የናፍጣው ቀስት ፀጉር ታህል ዝቅ አለች።
«ማኖንግ፣ አጥፋው እንጂ!»
አጠፋሁት።
ገባት። እኔም ከዚህ ሌላ ትምህርት የለኝም።

ደብዳቤ ጻፈች፤ ስምንቴ ሰርዛ፣ ዘጠነኛው ሄደ።
«ለዚህ ጊዜ ብቻ» ብለው ከሦስት እጅ ሁለቱን ማሩን፤
የቀረውን አምስት እሑድ ነዳሁት።
በወሩ ደግሞ አራት ዶላር መጣ።
ማሽኑን ገድላው ዲስኩ ቀርቶ ኖሯል፦
ሟቹ ተቀብሮ የመቃብሩ ኪራይ ይቆጥራል።
ይሄኔ ሳቀች፤ ከሠርጉ ወዲህ የመጀመሪያዋ።

አሁን ደወል አላት፣ አንድ ዶላር ሲሞላ የሚጮህ።
እሱም ግን ውሻ ነው፤ ሌባ ይጠቁማል እንጂ በር አይዘጋም፣
ያውም አርፍዶ፣ ሌባው አጥር ከዘለለ በኋላ።
ስለዚህ የምታምነው እጇን ነው።
ከመተኛቷ በፊት በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ፣
አገር በአገር እየከፈተች፣ እንደ ረዳት ወንበር ስትቆጥር፦
ሲንጋፖር፣ ባዶ። ቶኪዮ፣ ባዶ። ሙምባይ…
ዝም ትላለች፤
ትንፋሼን እይዛለሁ፤
ባዶ።

ያን ጊዜ እኔም እነሳለሁ፣ ወደ ደጅ እወርዳለሁ፣
ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እንዳለ እያወቅሁ፣
የጂፕኒዬን ኮፈን በመዳፌ እነካለሁ።
ቀዝቅዟል።